አባቴን በጨው ያቆየሁበት ሳምንት

አባቴን ስምንት ቀን ሙሉ ፍኖተ ሰላም ያቆየኋቸው በጨው ነው። በገመድ ባስራቸው ይቀለኝ ነበር። የታሰረ ሰው ቢበዛ ይቆጣል እንጂ «ኤሌክትሮኑን ማን አየው?» እያለ ጎህ ሳይቀድ በር አያንኳኳም።

እኔ በከተማው የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። አባቴ ደግሞ በሰከላ በኩል፣ ወደ ግሽ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። እኔም የምላቸው «የኔታ» ነው፤ ፊደሉንም ዳዊቱንም ያስተማሩኝ እርሳቸው ስለሆኑ «አባዬ» የምትል ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ቅኔውን ጀምሬ ሳልዘልቀው ወደ አስኳላ ስኮበልል አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ዝም አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ «ያ ነገር እንዴት ነው?» ነው የሚሉት። ዲግሪ የያዝሁበት፣ ትዳር የመሠረትሁበት፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምጮህበት ሙያ «ያ ነገር» ነው እንግዲህ!

ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው መሆኑን ለረጅም ጊዜ ማንም አላወቀም። አባቴ ለመጻሕፍቱ ዓይን አያስፈልጋቸውም፤ ሁሉም በቃላቸው ነው። መጀመሪያ የጠረጠረው አንድ ተማሪያቸው ነው፤ ዳዊቱን ዘቅዝቀው ይዘው አንዲት ቃል ሳይስቱ ሲደግሙ አያቸው። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲወጡ በሩ ላይ የቆመውን ምሰሶ «ምነው፣ ሰላምታ ነሳኸኝ?» ብለው ገሠጹት። ምሰሶው መልስ ባለመስጠቱ እስከ ቤታቸው ድረስ እየተብሰለሰሉ ሄዱ አሉ። ይሄን ሲነግሩኝ በሳቅ ፈረስሁ። ቀጥለው ግን ወንዝ ሲሻገሩ ድንጋዩን ስተው ውሃ ውስጥ እንደወደቁ፣ ሁለት ሰው ጎትቶ እንዳወጣቸው ነገሩኝ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

በዚያው ሰሞን የዓይን ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ፍኖተ ሰላም ሊመጡ ነው ተባለ። አስቀድሞ መመርመርና መመዝገብ፣ ከዚያ ሐኪሞቹ እስኪደርሱ ስምንት ቀን መጠበቅ ነው። ይሄ ዙር ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን መቼ እንደሚያገኝ አይታወቅም። አባቴን ለምነን፣ ተለማምጠን፣ ሽማግሌ ልከን አመጣናቸው። የመረመረቻቸው ነርስ እኔን ለብቻዬ ጠርታ «የቀኙ ዓይናቸው በቶሎ ካልታከመ ተስፋ የለውም፤ ግራውም እየተከተለ ነው» አለችኝ።

«ስምንት ቀን!» አሉ አባቴ ቀጠሮውን ሲሰሙ። «ተማሪዎቼን በትኜ፣ ሥራ ፈትቼ፣ ስምንት ቀን ሰው ቤት ልጎለት? ነገ እሄድና ለስምንተኛው ቀን እመለሳለሁ።»

ሰከላ የገቡ አባቴ ለስምንተኛው ቀን እንደማይመለሱ እኔም፣ ባለቤቴም፣ ከሆስፒታል ያመጣን የባጃጅ ሹፌርም እናውቃለን። «ይቆዩ»፣ «እሄዳለሁ»፣ «ይቆዩ»፣ «እሄዳለሁ» ስንባባል መሸ።

እራት ሽሮ ነበር። አባቴ አንድ ጉርሻ ቀመሱና ባለቤቴን «ልጄ፣ ጨው አንሶታል» አሏት። የጨውን ዕቃ አቀበለቻቸው። የእኔ ንዴት ገና አልበረደም። እንዲያው ነገር ፍለጋ «የኔታ፣ አሁን የያዙት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«ጨው ነዋ!»

«ጨው ከምን ይሠራል?»

«ፈጣሪ የሠራውን እኔ ምን አውቄ።»

«ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሶዲየም የሚባል ብረት ነው፤ ውሃ ሲነካው እሳት ይነሳበታል፣ ይፈነዳል። ሁለተኛው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ነው፤ ብዙ የሳበው ሰው ሳንባው ተቃጥሎ ይሞታል። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው ነው ጨው የሚሆኑት።»

የቆነጠሩትን ጨው እንደያዙ የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ማን አለ?» አሉ። በእርሳቸው ቤት ባለቤት የሌለው ቃል አይነገርም።

«መጽሐፍ ነው ያለው።»

«የትኛው መጽሐፍ?»

«የዘጠነኛ ክፍል።»

ሳቅ አሉ። «እና እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን እሳትና መርዝ ስበላ ኖሬ እንዴት አልሞትሁም?»

አፌን ከፈትሁ። ልመልስ ነው፤ የመምህር በሽታ ነው፣ ጥያቄ ሲሰማ መልስ ያመልጠዋል። ባለቤቴ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። ቀስ ብላ እንዳይመስላችሁ፤ ጥፍሬ ሦስት ቀን ጠቁሮ ነው የሰነበተው። «እሱማ ረጅም ነገር ነው፣ የኔታ» አለች ማር በመሰለ ድምፅ፣ «ነገ ከሥራ ሲመለስ ይነግርዎታል።»

አባቴ ጨውን ወደ ዕቃው መለሱት። ሽሮውን እንዲሁ አልጫውን በሉ። በማግስቱም አልሄዱም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራዬ ማስተማር፣ ግን አለማስጨረስ ሆነ። ባለቤቴ ዕቅዱን አወጣች፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ የመጨረሻዋን መልስ ግን ከሕክምናው በኋላ። «አንተ እኮ አንዷን ነገር አርባ ደቂቃ ማስረዘም ትችልበታለህ» አለችኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በሁለተኛው ቀን ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። «ተነሳ እንጂ! ተማሪ እስከ አሁን ይተኛል?» ተማሪው እኔ ነኝ ወይስ እርሳቸው? ተነስቼ አቶምን አስረዳሁ። ማንኛውም ነገር ከደቂቅ ቅንጣቶች እንደሚሠራ፣ ቅንጣቷ አቶም እንደምትባል፣ መሃሏ ላይ ኒዩክለስ እንዳለ፣ በዙሪያው ኤሌክትሮኖች እንዳሉ።

«ማን አየው?»

«በዓይን አይታይም።»

«አንተም አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያውስ እኔና አንተ እኩል ነን» አሉና ተመቻችተው ተቀመጡ። «ዋናው ነገር በዓይን የማይታይ ከሆነ ታዲያ እኔን ዓይን ምን ይሠራልኛል?»

በስመ አብ! በገዛ ትምህርቴ ሕክምናውን ላፈርሰው ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ሽሮው ውስጥ የወደቀውን ዝንብ ለማየት ነዋ፣ የኔታ!» ባትል ኖሮ ያኔውኑ ጥቅላቸውን ባነሱ ነበር።

ከዚያ በቃል የመያዝ ነገር መጣ። እንደ ዋዛ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች ጠራሁላቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ። በሦስተኛው እርሳቸው ሸመደዱት፤ የእኔ ተማሪዎች ግማሽ ዓመት የሚታገሉትን። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ በውርድ ንባብ ዜማ «ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም…» እያሉ ሲያዜሙ ጎረቤታችን ያሉት እናት በአጥሩ በኩል ያማትቡ ጀመር። አንድ ቀን ቤሪሊየም የትኛው ክፍል ያሉ መልአክ እንደሆኑና መታሰቢያቸው በስንት ቀን እንደሚውል ባለቤቴን ጠየቋት። ባለቤቴ ለማስረዳት ትዕግሥቱ አልነበራትምና «እኔም አላውቅ» ብላ አለፈች።

በሁለተኛው ቀን ማታ የሶዲየምን ቁጥር ነገርኋቸው፤ መሃሉ ላይ አሥራ አንድ ፕሮቶን፣ በዙሪያው አሥራ አንድ ኤሌክትሮን። ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ክበብ አይታጎሩም፤ የመጀመሪያው ክበብ ሁለት፣ ሁለተኛው ስምንት፣ በሦስተኛው ደግሞ አንድ ብቻውን። ክሎሪን አሥራ ሰባት ነው፤ ሁለት፣ ስምንት፣ ሰባት። የውጨኛው ክበብ ስምንት ሲሞላ አቶሙ ይረጋል። ስለዚህ ሶዲየም ያቺን ብቸኛዋን ቢሰጥ ይረጋል፣ ክሎሪንም አንዲት ቢቀበል ይረጋል። «እና ሰጠው?» አሉ አባቴ። «እሱን ነገ ትምህርት ቤት መጥተው በሰው ያዩታል» አልሁ። ኩራት ያዘኝ እንጂ ምን ልበል፤ ሥራዬን በቦታው ላሳያቸው ፈለግሁ። እግዜር ኩራቴን አይቶ ሳይስቅብኝ አልቀረም።

ቤተ ሙከራ የለንም። ስለዚህ ከባሕር ዛፎቹ ስር በአመድ ክበብ አሰምሬ፣ በየመሃሉ ኒዩክለስ ይሁን ብዬ ድንጋይ ከምሬ፣ ሃያ ስምንት ተማሪ ኤሌክትሮን አድርጌ በየክበቡ መስመር ላይ አስቀመጥሁ። ለሶዲየም አሥራ አንድ፣ ለክሎሪን አሥራ ሰባት። አባቴን ዳር ላይ በወንበር አስቀመጥኋቸው፤ ጥላ ጥላውን ያያሉ፣ ጆሯቸው ግን አንድ ነገር አያመልጠውም። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ጨዋ ልጆች ናቸው። የኔታ ፊት ደግሞ ጨዋነታቸው እጥፍ ሆነ፤ ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«ሶዲየም፣ ስጥ!» ብዬ አዘዝሁ። ብቻውን የተቀመጠው ረጅሙ ተማሪ ተነስቶ ወደ ክሎሪን ሄደ። ሊደርስ ሲል ሰባቱ የክሎሪን ኤሌክትሮኖች ብድግ አሉ።

«ኖር! ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ በማርያም ተቀመጡ!»

«እዚህ ጋ እረፍ!»

«አይሆንም፣ እኔ ዳር ይበቃኛል!»

«ኧረ ገባ በል፣ ገባ በል!»

አንዱ እጁን ይዞ ወደ ውስጠኛው ክበብ ጎተተው። እንግዳ ዳር አይቀመጥማ! እርሱ ሲገባ የሁለተኛው ክበብ ስምንቱ ተነሡ፤ እነሱ ሲነሡ የውስጦቹ ሁለቱ «እኛ ማን ነንና እንቀመጣለን» ብለው ተነሡ። አሥራ ሰባት ኤሌክትሮን ቆሞ አንድ እንግዳ ይለማመጣል፣ እንግዳው ደግሞ እነሱ ካልተቀመጡ አልቀመጥም ብሎ ይግደረደራል። በወዲያ በኩል ያሉት ሶዲየሞች ሕዝቡ ሲነሣ አይተው ትልቅ ሰው መጣ ብለው እነሱም ቆሙ። «ኤሌክትሮን ኖር አይልም! ኧረ ተቀመጡ በሕግ!» እያልሁ በአመዱ መሃል እሮጣለሁ። የሚሰማኝ የለም።

አባቴ በመቋሚያቸው ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው «ጨው አልሆነም» አሉ፣ «ይሄ ተዝካር ነው።»

ሥራዬን ላሳይ ነበር እኮ! አፈር ብበላ በወደድሁ። እርሳቸው ግን እንባቸውን ጠርገው ጥያቄ ጠየቁ። «ቆዩ እስቲ፤ ያ ልጅ ከነበረበት ለምን ተነሣ? ማን ገፋው? ደግሞስ ሰባቱ ወደ አንዱ ለምን አልመጡም?» ተማሪዎቹ ወደ እኔ አዩ። ይሄን ጥያቄ ስንት ዓመት ሳስተምር አንድ ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰባት ከመስጠት አንድ መስጠት ይቀላል፣ ያቺ አንዷም ከኒዩክለሱ የራቀች ስለሆነች ስበቱ ላልቶባታል አልሁ። አባቴ ነገሩን ከአፌ ነጠቁኝ። «ቤተ ክርስቲያንን አስቡ። መቅደስ አለ፣ ቅድስት አለ፣ ቅኔ ማኅሌት አለ። መሃሉን ለዚህ ነገር አናመሳስልም፤ ዙሩን ብቻ ውሰዱ። ውስጥ ያለው ቄስ ነው፤ አይነቃነቅም። በስተውጭ ጥግ የቆመው ግን ቅዳሴው በደንብ አይሰማውም። ዓይኑ ወደ በር ነው፣ ልቡ ገበያ ነው። በትንሽ ነገር ተስቦ ይወጣል። እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው» አልሁ። ቅናት ቢጤ ነካ አደረገኝ። በሳምንቱ ፈተና ከግማሽ በላይ የሆኑት ተማሪዎች «ሶዲየም ኤሌክትሮን የሚያጣው ከውጭ የቆመው ቅዳሴው ስለማይሰማው ነው» ብለው ጻፉ። ምን ላድርግ፣ ግማሽ ነጥብ ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ጦፈ። ኤሌክትሮኑ ተሰጠ፤ እሺ፣ ታዲያ መርዙና እሳቱ የት ሄደ? ይቺን ነው የደበቅሁት። እርሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ ስለ ማግኒዥየም አወራለሁ። ይጠይቃሉ፣ ባለቤቴ ሻይ ታቀርባለች። የገዛ ክፍሌን እንኳ መቀጠል አልቻልሁም፤ ተማሪዎቹ ካወቁ አባቴም ያውቃሉ። ዘጠነኛ ክፍል በሙሉ ኤሌክትሮኑን በክሎሪን ደጃፍ አቁሞ ሳምንቱን ጠበቀ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው «ወንድሜ፣ ሌሎቹ እኮ ምዕራፉን ጨርሰዋል» ሲለኝ «እኔ ጋ ጥልቀት አለ» አልሁት።

በጣም ያስፈራኝ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ በማታው ክፍለ ጊዜ እኔው ዘንድ ይማራል፤ አባቴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ከእርሱ ጋር አግዳሚው ላይ መቀመጥ ለምደዋል። መልሱን አምና ተምሮ ያውቀዋል። አንድ ቀን ጥግ ይዤው «አዮን የምትባለዋን ቃል ለየኔታ ትነግርና እኔና አንተ እንጣላለን» አልሁት። በልጆቹ ማለልኝ። አባቴ ግን ማታ ማታ ከጨው ዕቃው ደቃቁን ትተው ሻካራዎቹን እየለቀሙ በጣታቸው ያሻሻሉ፣ ጠርዙን ይዳስሳሉ። «ቀጥ ያለ ነው» ይላሉ ለራሳቸው። «ለምን ቀጥ አለ?» እኔ ያልሰማሁ መስዬ ደብተር አርማለሁ።

በሰባተኛው ቀን፣ ሕክምናው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለምሳ ስመለስ ደጃፋችን ላይ ባጃጅ ቆሟል። አባቴ ጥቅላቸውን አንጠልጥለው፣ መቋሚያቸውን ይዘው አንድ እግራቸውን አስገብተዋል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ወዴት ነው፣ የኔታ?»

«ተማሪዎቼ ሰው ላኩብኝ። መሄድ አለብኝ።»

ማንም ሰው አልላከም፤ ማን እንደላከ ስጠይቃቸው ስም አጡ። ስለ ቀጠሮው ነገርኋቸው። ነርሷ ያለችኝን፣ እስከዚያ ቀን የደበቅሁትን፣ ነገርኋቸው። «እግዜር ያውቃል» አሉ። ለመንሁ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልሁ። ሁለተኛው እግር ገባ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ላይ የወጣው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ መንገደኛው ቆሞ እስኪያየኝ ጮህሁ።

«ይሂዱ! ይሂዱ እንጂ! ያ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ከሰጠ በኋላ ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ክሎሪኑም ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ይሙቱ!»

አባቴን ይሙቱ አልሁ! በአጥሩ በኩል ጎረቤታችን «እግዚኦ!» ሲሉ ሰማሁ። የመጨረሻዋን ቃል ስል ድምፄ ተሰነጠቀ። አባቴ የባጃጁን ብረት ጨብጠው ያዙ። ሹፌሩም ሞተሩን አጠፋ።

«መልሱ መቼ ነው ያልኸኝ?» አሉ።

«ከሕክምናው በኋላ።»

«እንግዲያውስ ይሄን ሰው ሥራ አታስፈታው፣ አሰናብተው» ብለው በዳበሳ ወረዱ። ባለቤቴ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። እኔ ጨው አሸነፈ ብዬ በልቤ ጨፈርሁ። ማታ ባለቤቴን «አየሽ፣ ኬሚስትሪ ማለት ይሄ ነው» አልኋት፤ ጉራዬን ታውቀዋለችና ዝም ብላ ሰማችኝ።

በስምንተኛው ቀን የተደረገው ሕክምና ረጅም አልነበረም። በበነጋው ጠዋት ያሸግሁትን መልስ ይዤ፣ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው በመንገዴ ሁሉ እየተለማመድሁ ሄድሁ። የሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁ። የቀኝ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታሽጎ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አጠገባቸው ከቡሬ ገጠር የመጡ፣ እንዲሁ ዓይናቸው የታሸገ ገበሬ አሉ።

«ሶዲየም አንዷን ሲሰጥ» ይላሉ አባቴ፣ «መሃሉ ላይ ያሉት ፕሮቶኖች አሥራ አንድ እንደሆኑ ናቸው፤ በዙሪያው ግን አሥር ቀሩ። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ፖዘቲቭ አጋደለ። ክሎሪን ደግሞ በመሃል አሥራ ሰባት፣ በዙሪያ አሥራ ስምንት፤ ወደ ኔጌቲቭ አጋደለ። ከዚያ ወዲያ የድሮዎቹ አይደሉም። ስማቸው አዮን ነው። እሳቱ ይነሣ የነበረው ያቺን አንዷን ለመጣል ሲፈልግ፣ መርዙም ይገድል የነበረው አንዷን ከየትም ለመንጠቅ ሲፈልግ ነው። አሁን ያም ጣለ፣ ያም አገኘ፤ ረጉ። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ደግሞ ይሳሳባሉ። ባልና ሚስት እንዳይመስልዎ! አንዱን ሶዲየም ስድስት ክሎሪን ይከበዋል፣ አንዱንም ክሎሪን ስድስት ሶዲየም። እንዲያ በረድፍ ስለቆሙ ነው የጨው ጠርዝ ቀጥ ያለው። ቤትዎ ሲገቡ በጣትዎ ይዳስሱት።»

«ለበሬዬ የማልሰው አሞሌም እንዲሁ ነው፣ የኔታ?» አሉ ገበሬው።

«ያው ነው።»

ስድስቱን እኔ ለማንም አልነገርሁም። ስገባ ኮቴዬን አወቁት።

«ማን ነገረዎት?» አልሁ፤ ሰላምታ እንኳ ረሳሁ።

«የትምህርት ቤታችሁ ጥበቃ። በሦስተኛው ቀን። መጽሐፉን አምጥቶ አነበበልኝ፣ ጥሩ ሰው ነው።»

«እሱን እኮ በልጆቹ አስምዬዋለሁ!»

«ዘግይተህ ነው። እኔም አስምዬዋለሁ፤ እንደነገረኝ ላንተ እንዳይነግርህ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ሳምንት ሙሉ የደከምሁት፣ ክፍል ያስቆምሁት፣ ኃላፊዬን የዋሸሁት ለምን ነበር ታዲያ? ተናደድሁ፤ የእውነት ተናደድሁ። «መልሱን ካወቁ ለምን ቆዩ?»

ገበሬው ነገሩ የቤተሰብ መሆኑን ዐውቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«ፈራሁ» አሉ።

ይሄን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ቀጠሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓይኔ ውስጥ ብረት ሲገባ እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ። ያለችኝን ጭላንጭል ቢያጠፏትስ? ፈራሁ ልበል? ለማን ልበል፣ ለተማሪዎቼ? አንተ የጨውን ነገር ስታመጣ ደስ አለኝ። ለሕክምና ነው የቆየሁት ከማለት ለጨው ነው ማለት ይቀላል። መልሱን ካወቅሁ በኋላም ያላወቅሁ መስዬ ጠየቅሁህ። አንተም አላስቸገርኸኝም፤ አልመለስህልኝም። በሰባተኛው ቀን ግን ሰበቡም አልበቃኝ። የምሬን ልሄድ ነበር።»

«ታዲያ ምን መለሰዎት?»

«ድምፅህ። ጮህህብኝ፣ ጮህህብኝና መጨረሻ ላይ አለቀስህ። እንዴ! በሶዲየም የሚለቀስ ለቅሶ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ይሄ ልጅ የሚያለቅሰው ለእኔ ነው አልሁ።»

«አላለቀስሁም።»

«ፊትህ አልታየኝም እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው።»

ልከራከር ነበር፤ ነርሷ ደረሰች። ጨርቁን ቀስ ብላ ፈታች፣ ዓይናቸውን በጥጥ ጠራረገች፣ «ቀስ ብለው ይግለጡት» አለቻቸው። አባቴ ገለጡት። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ የገዛ እጃቸውን ገልብጠው ገልብጠው አዩ፣ ከዚያ ገበሬውን አዩና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏቸው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ አባቴ አዩኝ። ትክ ብለው አዩኝ፤ እጃቸውን ዘርግተው ከጆሮዬ በላይ ያለውን ፀጉር ነካ አደረጉት።

«መቼ ነው እንዲህ የሸበትኸው?» አሉ።

«በዚህ ሳምንት ነው፣ አባዬ» አልኋቸው።